ጭቃ በገንዘብ

ሳጉሬ ላይ ጭቃ የሚገዛ ሰው የለም። ክረምቱ በነጻ ያድለናል፤ ያውም ድሃና ሀብታም ሳይለይ፣ መታወቂያ ሳይጠይቅ። ከአሰላ ወደ በቆጂ የሚወስደውን አስፋልት ለቀው አንድ እርምጃ ወደ ሰፈር ገባ ካሉ፣ ያን ዕለት ጫማዎ የእርስዎ መሆኑ ይቀራል። አሰላ በኃይሌ፣ በቆጂ በደራርቱ ስማቸው ዓለምን ዞረ። በመካከላቸው የተቀመጠችው የእኛዋ ሳጉሬ፣ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ለሁለቱም የሚተርፍ ጭቃ ይዛ ዝም ብላለች።

እንግዲህ በዚህች ከተማ አንድ ጎልማሳ፣ ያውም አስተማሪ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ከመዳፍ ትንሽ የምትተርፍ ትራክተር በቀጭን ብሩሽ ጭቃ ሲቀባ ቢታይ ሰዉ ምን ይላል? ብሏል። አብራኝ የምትኖረው አክስቴ «ቲቸር ደህና ነው?» ተብላ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ተጠይቃለች። እሷም መልሷ አንድ ነው፤ «አይጠጣ፣ አይቅም፤ ተዉት ይቀባ።»

ሥራው እንዲህ ነው። የትራክተሯ አካል የዘይት ቆርቆሮ፣ ሞተሯ የጥድ እንጨት፣ ማርሚታዋ የእስክሪብቶ ቀፎ ነው። የኋላ ጎማዋ የለውዝ ቅቤ ክዳን ነው፤ ስድስት ሴንቲ ሜትር። የእውነተኛው ጎማ ቁመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነውና ሲሰላ 25ኛ እጅ ይመጣል። መጠኑን የወሰነው ክዳኑ እንጂ እኔ አይደለሁም። ይኼን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ የጃፓኑ ሞዴል ሠሪ ኩባንያ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ፓንተር ታንክ ታሪክ ግን ከዚህ አይለይም። ሞተሩና ባትሪው ውስጡ እንዲገባ ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ተሠራ፤ ኋላ ሲለካ የእውነተኛው 35ኛ እጅ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ላይ ታንክ በትንሹ ከሚሠራው ሰው ብዙው ለዚያ ባትሪ ሲል በ35 ያካፍላል። እኔ በክዳን ባካፍል ምን ነውር አለው?

የሽቦ መኪና እየነዳ ያደገ ሰው የመሥራቱን ነገር ይረዳኛል። የማይገባው ማቆሸሹ ነው። «ጨርሰሃታል አይደል? ቀይ ሆናለች፣ ታብረቀርቃለች፤ አሁን ምን ሆና ነው የምታጨቀያት?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም አጭር ነው፤ አዲስና ንጹሕ የሆነች ትንሽ ትራክተር መጫወቻ ትመስላለች። ትልቁ ትራክተር ላይ በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ ውስጥ ጥላ ይውላል፤ ትንሿ ላይ ያ ስንጥቅ ከክር ቀጥኗልና ጥላ አያርፍበትም። ስለዚህ ጥላውን ራስህ ታስገባለህ። የሲኒማ ሰዎች ይኼን ቀድመው አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ1977 «ስታር ዋርስ» ሲወጣ የሰማይ መርከቦቹን ሞዴሎች የሠሩት ባለሙያዎች ቅባትና ጥላሸት አስመስለው ቀብተዋቸው ነበር፤ ተመልካቹ መርከቧ ዕድሜ እንዳላት አመነ።

እኔ የሰማይ መርከብ አይቼ አላውቅም፤ ትራክተር ግን አይቻለሁ። አርሲ ውስጥ ትራክተር ታሪክ ያለው ዕቃ ነው። በስዊድን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ሰዉ ካዱ የሚለው፣ የመጣው አነስተኛውን ገበሬ በምርጥ ዘር፣ በማዳበሪያና በብድር ሊያግዝ ነበር። ስንዴው እንደሚያዋጣ ያዩ ባለመሬቶች ግን ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን አስለቀቁት። ጭሰኝነት ራሱ የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አንዱ 1967 በፈረንጅ፣ ሌላው 1967 በእኛ፤ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሁለቱን አንድ ቀን ያደርጓቸውና ካዱን ከመቋቋሙ ጋር ያፈርሱታል።

ለዚህ ሥራ ስል የቆመ ትራክተር ሳይ እቆማለሁ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የሚያድር አንድ አሮጌ ቀይ ትራክተር አለ፤ ከመጽሐፍ የማላገኘውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ኮፈኑ ላይ ቀዩ ቀለም በፀሐይ ነጥቶ ሮዝ ሆኗል፤ ጎኑ ላይ ግን፣ የጭላሎ ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ ዛሬም ቀይ ነው። የነዳጅ ክዳኑ ዙሪያ የፈሰሰው ናፍጣ አቧራ ይዞ ጠቁሯል፤ ከክዳኑም ወደ ታች፣ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች፣ ሁለት መስመር ወርዷል። ሹፌሩ ሲወጣ የሚረግጠው ብረት ቀለሙ አልቆ ያበራል። ፓራፋንጎው ሥር ያለው ጭቃ ሁለት ዓይነት ነው፤ የዘንድሮው ጥቁር፣ የአምናው ደርቆ አመድማ። ጭቃ ያልነካው አንድ ቦታ አለ፤ መሪው። እሱን እጅ ወልውሎታል። አንድም ቆሻሻ ያለ ምክንያት የተቀመጠ የለም። ባለቤቱ ዙሪያውን ስዞር አይቶ «ቲቸር፣ ልትገዛኝ ነው እንዴ?» አለኝ። ደመወዜን ስለሚያውቅ ሁለታችንም ሳቅን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይኼን ቆሻሻ ቀለም ላይ የሚያወርደው እጣቢ ነው፤ እጅግ የቀጠነ ቡናማ ቀለም፤ ከቀለሙ ይልቅ ማቅጠኛው የሚበዛበት። ትራክተሯ ላይ ያለው ቀለም ያንን ማቅጠኛ ካልቻለው ግን የወራት ሥራ በአንድ ከሰዓት ይቀልጣል። ምክር ፍለጋ የሄድኩት የእንጨት ሥራ ቤት ወዳላቸው አንድ ጋሼ ነው። ቁም ሳጥንና አልጋ ሲቀቡ የኖሩ፣ ጥፍራቸው ከቫርኒሽ ነጽቶ የማያውቅ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ አለ?»

«የማያብረቀርቅ ከሆነ ለምን ቫርኒሽ አልከው?»

«መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ እቀባታለሁ፤ ከዚያ አቆሽሻታለሁ፤ ከዚያ ደግሞ በማያብረቀርቅ…»

ጋሼ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። ሰው ሁሉ አሮጌ አምጥቶ አድሱልኝ ይላቸዋል፤ አዲስ ይዞ አስረጁልኝ የሚል ሲመጣ የመጀመሪያቸው ነበር። ግን ባለሙያ ናቸውና የዕቃውን ጅልነት ትተው የሥራውን ጥያቄ ያዙ። «ቀዩ ምንድን ነው? ሲንቴቲክ ነው ናይትሮ?»

«ሲንቴቲክ።»

«እንግዲያው ናይትሮ ቫርኒሽ እንዳታስጠጋው። ሲንቴቲክ ላይ ናይትሮ ከደፋህበት ተጨማዶ ይነሳብሃል። ቲነሩ ከሥር ገብቶ ይቆሰቁሰዋል። በናይትሮ ላይ ሲንቴቲክ ብትቀባ ግን ግድ የለም።»

አንድ የኬሚስትሪ አስተማሪ በአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የማይጨርሰውን በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ማቅጠኞች ማዕረግ አላቸው። ከላይ ናይትሮ ቲነር አለ፤ የማይደፍረው ነገር ጥቂት ነው፤ ማርሚታ ያደረግኩት የእስክሪብቶ ቀፎ እንኳ ቢነካው ይለሰልሳል። ከእሱ ዝቅ ብሎ አኳራጃ አለ፤ የዘይት ቀለምና ገና በቅጡ ያልደረቀ ሲንቴቲክ ያነሳል፤ በውሃ የሚሠራውን ቫርኒሽ ግን ከደረቀ በኋላ አያገኘውም። ከሁሉ በታች ውሃ አለ። እጣቢህ የሚቀጥንበት ነገር ከሥሩ ያለውን ቀለም መፍታት የለበትም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሲንቴቲክ ቀለም ላይ በአኳራጃ የቀጠነ እጣቢ በቀጥታ መቀባት ቀለሙ ካልጠና ቀዩን አብሮ ማጠብ ነው። መካከላቸው በውሃ የሚሠራ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ከገባ ግን አኳራጃው ከላይ ይመላለሳል፣ ቀዩ ከሥር ሳይሰማ ይተኛል።

ቴሌቪዥን ከገዛን ቀን ጀምሮ ሪሞቱ ላይ የምናለብሰው ፌስታል ሥራው ይኸው ነው፤ ቁልፉን ትነካለህ፣ የወጥ እጅህ ግን ቁልፉ ዘንድ አይደርስም። ሰው ቫርኒሽ የሚቀባው ለማብረቅረቅ ይመስለዋል። እዚህ ግን ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የመጸጸት መብት ይሰጥሃል። የነዳጁ መስመር ከበዛብህ፣ ጭቃው የሹፌሩ ወንበር ላይ ከወጣብህ፣ አኳራጃ የነካ ጨርቅ ይዘህ ትጠርገዋለህ፤ ቀዩ እንደነበረ ታገኘዋለህ። ቫርኒሽ ሳይኖር የቀባኸው ቆሻሻ ውሳኔ ነው፤ በቫርኒሽ ላይ የቀባኸው አሳብ ነው።

ማብረቅረቁም ከንቱ አይደለም። ያልለሰለሰ፣ ደብዛዛ ቀለም ላይ ያረፈ እጣቢ የወደቀበት ይመጠጣል፤ ሲደርቅም ዳር ዳሩ ክብ እድፍ ሠርቶ ይቀራል፤ ብትጠርገው ይብስበታል። አንጸባራቂው ላይ ግን የሚይዘው አያገኝምና ስንጥቅ ፈልጎ ይገባል። የብሩሹን ጫፍ ኮፈኑ ከፊት መብራቱ ጋር የሚጋጠምበት መስመር ላይ አንዴ ብቻ አስነኩት፤ ቡናማው ራሱ መንገድ ይዞ ይሮጣል፤ ጥጉ ጋ ይታጠፋል፤ የቡሎኗን ዙሪያ ይከብና ይቆማል። እጅ የሚሠራው ሥራ የለም። እኔ በበኩሌ በዚህ ዓለም ላይ ሳይጎተጎት ቦታውን የሚያውቅ ነገር ሌላ አላየሁም፤ ተማሪዎቼንም ጨምሮ።

ቀለሙን ጥቁር እንዳታደርጉት። ጥቁር እጣቢ ትራክተሩን ያረጀ ሳይሆን የተቃጠለ ያስመስለዋል። ቡናማ የሥዕል ዘይት ቀለም ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ፤ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ለአንድ ትራክተር ትተርፋለች። ከአኳራጃ ጋር በቆርኪ ውስጥ ይበጠብጧታል። ትርፉን ለመጥረግ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ ሲጠርጉም ዝናብ በሚወርድበት አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች። ወደ ጎን የተጠረገ ጭቃ ዓይን ባይገባው እንኳ ልብ ይጠረጥረዋል። ሁሉንም ከመጀመርዎ በፊት ደግሞ ከትራክተሯ ሆድ ሥር፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ ጠብታ አስነክተው ይደሩ። ቫርኒሹ ከለሰለሰ ወይም ጨርቁ ላይ ቀይ ከወጣ ገና አልጠናም ማለት ነው።

መጥናቱ ላይ ነው እንግዲህ ሳጉሬ ከእኔ ጋር የተጣላችው። የቫርኒሹ ቆርቆሮ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ የተጻፈው ለሞቃት አገር ሰው ነው። በውሃ የሚሠራ ቫርኒሽ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ውሃው ቢተንም እንኳ በቅጡ አይያያዝም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ እዚህ 10 ዲግሪ የምኞት ሙቀት ነው። ክረምት ላይ እንዳትሠሩ እርጥበቱ አለ፤ ጋሼ በሐምሌ ናይትሮ አይረጩም፤ ጭጋጉ ውስጥ የተረጨ ቫርኒሽ ሳይደርቅ እርጥበት ይዞ ነጭ ደመና ይለብሳልና። የሙሽራ አልጋ በጉም ተሸፍኖ ለደንበኛ አይሰጥም። የቀረን የካቲትና መጋቢት ነው። ያን ጊዜ ፀሐይ አለ፣ ሙቀት አለ፤ አቧራውም አለ። እርጥብ ቫርኒሽ ላይ ያለ ብሩሽና ያለ ልኬት በነጻ ያርፋል። ተፈጥሮ ሥራዬን ልታግዘኝ የምትፈልገው ሁልጊዜ ከተራዋ ቀድማ ነው።

ስለዚህ በበጋ፣ ቀን እቀባታለሁ፤ ካርቶን ተደፍቶባት ታድራለች። ለመንካት የሚያሳክክ እጅ ያለው ሰው ይኼን ሥራ አይያዝ። ጣትህን አስነክተህ ደረቀ ማለት ደረቀ ማለት አይደለም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ቀለም አለ፤ ሲንቴቲክ በብርድ አገር እንዲያ ነው። አፍንጫ ይሻላል። ስታሸተው አሁንም ቀለም ቀለም የሚል ከሆነ ገና እየተነፈሰ ነውና ተወው።

ትልቁ ጠላት ግን ብርዱ አይደለም፤ ቡናው ነው። አኳራጃ ተቀጣጣይ ነው፤ ትነቱም ራስ ያዞራል፤ በርና መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት ነው የሚሠራው። አክስቴ ባለችበት ቤት ደግሞ ከሰል የማይነድበት ሰዓት በጣም አጭር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ከዚያ ዕጣኑ። «እትዬ፣ እሳቱን አርቂልኝ» ስላት «አንተ ልጅ፣ ቡናዬን ለትራክተር ብዬ በረንዳ ላውጣ?» አለችኝ። ነገሩ በሽምግልና አለቀ፤ እሷ ሳሎን፣ እኔ በረንዳ፤ በመካከላችን የተዘጋ በር። በረንዳ ወጥቼ የተቀመጥኩት፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየኝ፣ እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ለታይታ አይደለም። ጨርቁም ሌላ ጣጣ አለው። የሥዕል ቀለም ዘይቱ ተልባ ነው፤ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ሲጣል ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያሞቃል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ገመድ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ። ጎረቤት ቡናማ እድፍ ያለበት ጨርቅ በየቀኑ ተሰጥቶ ሲያይ ምን እንደሚያስብ አልጠየቅኩም።

አንድ ክስ ግን ልቤን ነክቶታል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይኼማ ማጭበርበር ነው» አለኝ፤ ትናንት የተሳለን ሥዕል በጢስ አጥኖ የጥንት ነው ብሎ ለቱሪስት የሚሸጥን ነጋዴ እያሰበ። ልዩነቱ እንደሚመስለኝ ዋጋው ላይ ነው። ያኛው ያረጀውን ይሸጣል፤ የእኔን የሚገዛ የለም። ያኛው ዕድሜ ይዋሻል፤ እኔ ግን ትራክተሬ በጋዜጣ ላይ የቆመች የቆርቆሮ ቁራጭ መሆኗን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም። ሳይታለል የሚደነቅ ሰው ካገኘሁ ይበቃኛል። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለው ባለ ትራክተር መጥቶ አይቷት ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ክዳኑ ጋ የሚያፈሰውን እንኳ አልተውክም?» አለ። ከዚያ ወዲህ ያንን ክዳን አስቀይሮታል፤ ሞዴሌ ከእውነተኛው ጋር መመሳሰሏ የቀረው በእሱ ምክንያት ነው።

መጨረሻው ደብዛዛው ቫርኒሽ ነው፤ ጋሼ ስም ያጡለት። ዘይቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ቀናት ካለፉት በኋላ፣ ስስ አድርገው ይቀቡታል። ብርቅርቅታው ይሞታል፤ ጭቃው ጭቃ ይሆናል። የመጸጸት መብቱም እዚያ ላይ ያበቃል። ጭቃው በሁለት ቫርኒሽ መካከል ተይዟልና ከእንግዲህ አኳራጃም ቢመጣ አይሰማውም። ሠርቼ ጨርሼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ፌስታል ከለበሰው ሪሞት ጎን አስቀመጥኳት።

ፋሲካ ሲቃረብ ቤት ይጸዳል። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አክስቴ ሳሎኑን ስታጸዳ ያቺን የጨቀየች ነገር አይታ አላስቻላትም፤ ሙቅ ውሃ፣ የዱቄት ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዛ ወረደችባት። ፓራፋንጎውን ፈተገች። የነዳጁን መስመር ፈተገች። ውሃውን ቀይራ ደግማ ፈተገች። ስመለስ ትራክተሯ ማስጫው ላይ ውሃዋ እየተንጠባጠበ ቆማለች፤ ጭቃዋ ከነሙሉ ክብሩ አለ። አክስቴ የሳሙናውን ፓኬት ይዛ ቁጣዋ ገና ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ሳሙና ሳሙና አይደለም፤ ዱቄት ነው!»

ልነግራት አፌን ሳልከፍት ነጠላዋን አጣፍታ ሱቅ ወረደች። ባለሱቁን በሰው ፊት፣ ይኼ የሸጥክልኝ ሳሙና የቲቸርን ትራክተር ጭቃ እንኳ ማስለቀቅ አቃተው፣ ብላ ፓኬቱን መለሰችለት። ባለሱቁ ሳሙናውን ያለ ክርክር ቀየረላት። «የቲቸርን ትራክተር» የሚለውን ግን ሰምቷል፤ በዚያው ሳምንት ልጁን ከዱቤ ደብተሩ ጋር ልኮ ያለብኝን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንድከፍል ጠየቀኝ።